የከተራ ውሃና የአጥቢያዎች አንድነት

የጥምቀት በዓል በኢትዮጵያ ክርስቲያኖች ዘንድ ከሚከበሩት ታላላቅ በዓላት አንዱ መሆኑ ለማንም የተሰወረ አይደለም። በየዓመቱ ጥር 10 ቀን ታቦታቱ ከየመንበራቸው ተነሥተው ወደ ባሕረ ጥምቀት ይወርዳሉ፤ በዚያም በድንኳን ያድራሉ፤ ጥር 11 ቀን ውሃው ተባርኮ ሕዝቡ ከተረጨ በኋላ በእልልታና በዝማሬ ወደየደብራቸው ይመለሳሉ፤ የቅዱስ ሚካኤል ታቦት ግን በማግሥቱ ጥር 12 ቀን በቃና ዘገሊላ በዓል ይገባል። ይህን ሁሉ ሕፃን ሽማግሌው ያውቀዋል። ነገር ግን የታወቀ ነገር ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ሳይመረመር ይቀራል፤ በየዓመቱ የሚታይም ነገር ጥቅሙ ይዘነጋል። ስለዚህ የበዓሉ ዋዜማ ከተራ ለምን እንደ ተባለ፣ ልዩ ልዩ አጥቢያዎችም ስለ ምን በአንድ ውሃ ዳር እንደሚሰበሰቡ ልብ ብሎ መመርመር የሚገባ ነው።

ከተራ የሚለው ቃል ከተረ ከሚለው ግሥ የወጣ ሲሆን ትርጓሜው ውሃን መገደብ፣ ማቆም፣ ማጠራቀም ነው። በየገጠሩ የጥምቀት ዋዜማ ሲደርስ የአገሩ ሰዎች ወጥተው ወራጁን ወንዝ በድንጋይና በአፈር ይከትሩታል። የጥር ወር በጋ ስለ ሆነ ከአንዱ ምንጭ ብቻ የሚወርደው ውሃ ቀጭን ነው፤ ከየአቅጣጫው የሚመጡት ትንንሽ ጅረቶች ተገናኝተው ሲከተሩ ግን ብዙ ሕዝብ የሚጠመቅበት ባሕር ይሆናሉ። እንግዲህ የዋዜማው ስም ራሱ አስተማሪ ነው። እንደ ውሃው ሁሉ ምእመናኑም ከየአጥቢያቸው ወጥተው አንድ ጉባኤ ይሆናሉ። አንድ አጥቢያ ብቻውን ሲሆን ቀጭን ጅረት ነው፤ ጎረቤቶቹ ሲጨመሩበት ግን ባሕር ይሆናል። የበዓሉ ክብር በዚህ ላይ የቆመ ነው፤ ይህ አንድነት ከፈረሰ የሚቀረው የየራስ ሰልፍ ብቻ ነው።

የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት እንደሚተርኩት፣ ታቦታት በጥምቀት ዕለት ወደ ወንዝ መውረድ የጀመሩት በ6ኛው መቶ ዓመት በዐፄ ገብረ መስቀል ዘመን ነው። በዚያ ጊዜ እያንዳንዱ ደብር በአቅራቢያው ወደሚገኘው ወንዝ ወርዶ በዓሉን ለብቻው አክብሮ ይመለስ ነበር። ኋላ ግን ቅዱስ ላሊበላ በነገሠ ጊዜ በአንድ አካባቢ ያሉ ታቦታት በአንድ ስፍራ ተሰብስበው በዓሉን በአንድነት እንዲያከብሩ አዘዘ ይባላል፤ በስሙ በምትጠራው ከተማም ዮርዳኖስ የተባለ የውሃ መውረጃ እስከ ዛሬ ድረስ ይገኛል። ከ1426 እስከ 1460 ዓ.ም. የነገሠው ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብም ታቦታቱ በዋዜማው ወርደው ሌሊቱን በባሕረ ጥምቀት እንዲያድሩ ሥርዓት ሠራ፤ ከእርሱም በኋላ ዐፄ ናኦድ ሕዝቡ ታቦታቱን አጅቦ እንዲወርድና አጅቦ እንዲመለስ አዘዘ ተብሎ ይተረካል።

ይህ ትውፊት በሚገባ ቢመረመር ሥርዓቱ በየዘመኑ የተጨመረበት ወደ አንድ አቅጣጫ መሆኑ ይታያል። መጀመሪያ ስፍራው አንድ ሆነ፤ ቀጥሎ ሌሊቱ አንድ ሆነ፤ በመጨረሻም መንገዱ አንድ ሆነ። ከአባቶች መካከል የተሰበሰበውን ሊበትን፣ አንድ የሆነውንም ሊከፍል ሥርዓት የሠራ አልተሰማም። ሁሉም የደከሙት ጎረቤት ከጎረቤቱ ጋር እንዲያመሰግን ነው።

ከውጭ አገር የመጣ ሰው የጻፈውም ከዚህ ጋር ይስማማል። በዐፄ ልብነ ድንግል ዘመን ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር ወደ ኢትዮጵያ የመጣው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ በ1513 ዓ.ም. ገደማ የጥምቀት በዓል ሲከበር አይቶ በመጽሐፉ ጽፏል። ውሃው ተከትሮ በተዘጋጀው መጠመቂያ ንጉሡና ጳጳሱ አቡነ ማርቆስ እንደ ገቡ፣ ሕዝቡም በዚያው ውሃ እንደ ተከተለ ይተርካል። ይህ እንግዳ ስለ ሥርዓቱ ትርጓሜ የነበረው አስተያየት ከኢትዮጵያ ሊቃውንት ትምህርት ጋር ባይስማማም፣ ያየውን ነገር መመስከሩ አልቀረም። ለንጉሥ አንድ ውሃ፣ ለድኻም ሌላ ውሃ አልተቈፈረም ነበር።

ይህም ከበዓሉ ባለቤት የተገኘ ምሳሌ ነው። ወንጌላዊው ሉቃስ እንደሚያስረዳው ጌታ ኢየሱስ ክርስቶስ የተጠመቀው ሕዝቡ ሁሉ በሚጠመቅበት ጊዜ ነው። ኃጢአት የሌለበት ሆኖ ሳለ የተለየ ሰዓት ወይም የተለየ ስፍራ አልመረጠም፤ ቀራጩም ወታደሩም ወደቆመበት ወንዝ መጥቶ በአገልጋዩ በዮሐንስ እጅ ተጠመቀ። ጌታ ራሱ ከሕዝቡ ጋር ተሰልፎ ሳለ፣ በእርሱ በዓል ቀን አንዱ ደብር ከሌላው ጋር መሰለፍን ዝቅታ አድርጎ ቢቈጥረው እጅግ የሚያስገርም ነገር ይሆናል።

በኢየሩሳሌምም የቀድሞው ልማድ እንዲሁ ነበር። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ከ381 እስከ 384 ዓ.ም. ቅዱሳት መካናትን የተሳለመችው ኤጌርያ የተባለች ሴት የኢየሩሳሌም ክርስቲያኖች የኤጲፋንያን በዓል እንዴት ያከብሩ እንደ ነበር ጽፋለች። እንደ ጽሑፏም በዓሉ 8 ቀን ይከበር ነበር፤ ሕዝቡም ከኤጲስ ቆጶሱ ጋር ሆኖ አንድ ቀን በጎልጎታ፣ ሌላ ቀን በደብረ ዘይት፣ ሌላ ቀን በአልዓዛር መቃብር ባለው ቤተ ክርስቲያን፣ ሌላ ቀን በጽዮን እየተሰበሰበ ያመሰግን ነበር። የጽዮን ሰው ጎልጎታ የእኔ አይደለም፣ የጎልጎታም ሰው ጽዮን ሩቅ ነው ብሎ የቀረ አይመስልም፤ ከተማይቱ በሙላ እንደ አንድ ቤተ ሰብ ከደብር ወደ ደብር ትሄድ ነበር። ደግሞም ኤጲስ ቆጶሱ በጽርዕ ሲያስተምር ጽርዕ ለማያውቁት በሱርስት፣ ከምዕራብ ለመጡትም በላቲን ይተረጐምላቸው እንደ ነበር ይህችው ሴት መስክራለች። ጎረቤትን ወደ በዓል መጥራት ብቻ አይበቃም፤ የሚሰማውን እንዲያስተውል ማድረግም ያስፈልጋል። ዛሬም ልዩ ልዩ ቋንቋ የሚናገሩ ምእመናን በአንድ ባሕረ ጥምቀት በሚሰበሰቡበት ስፍራ ሁሉ ይህ ምሳሌ ሊከተሉት የሚገባ ነው።

አጥቢያዎች በአንድነት መውረዳቸው ከበረከቱ ሌላ በሥራ ረገድ የሚሰጠውን ጥቅም ካህናት ከማንም ይልቅ ያውቁታል። በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ቅዳሴ ከ5 ባነሱ ልኡካን አይቀደስም፤ እነዚህም 2 ቀሳውስትና 3 ዲያቆናት ናቸው። በየገጠሩና በየከተማው ዳር ግን አንድ ቄስና አንድ ዲያቆን ብቻ የቀሩላቸው አጥቢያዎች አሉ። እንዲህ ያለ አጥቢያ ታቦቱን ይዞ ለብቻው ወደ ውሃ ቢወርድ ሌሊቱን ያለ ቅዳሴ ሊያድር ነው። ከጎረቤቶቹ ጋር ቢወርድ ግን አንዱ ቄስ፣ ሌላው ዲያቆን፣ ሌላው መሪጌታ ያመጣል፤ የጐደለው ይሞላል፤ ሥርዓቱም ሳይጓደል ይፈጸማል። ትልቁ ደብር ለብቻው ልውረድ ሲል የሚጐዳው ራሱ አይደለም፤ የሚጐዳው በእርሱ ተደግፎ ይቀድስ የነበረው ትንሹ አጥቢያ ነው።

ማኅሌቱም እንዲሁ ነው። የዜማው አባት ቅዱስ ያሬድ አንድ ሆኖ ሳለ በየወንበሩ የቤተ ልሔም፣ የቆማ፣ የአጫብር፣ የተጉለት እየተባለ የአዜማዜም ልዩነት መኖሩ የታወቀ ነው። ከልዩ ልዩ ደብር የመጡ ሊቃውንት በከተራ ሌሊት በአንድ ድንኳን ሲቆሙ የግድ እርስ በርሳቸው መደማመጥ አለባቸው፤ አንዱ ሲመራ ሌላው ይቀበላል፤ መቋሚያው በአንድነት ካልተነሣ፣ ጸናጽሉም በአንድነት ካልተሰማ ወረቡ ይበላሻል። ወጣቱም ደብተራ በደብሩ የማይሰማውን ስልት የሚሰማው፣ የማያውቀውንም ሊቅ የሚያውቀው በዚያች ሌሊት ነው። በዚህ ዓይነት የጥምቀት ሌሊት ለሊቃውንት ጉባኤ፣ ለተማሪዎችም ትምህርት ቤት ይሆናል።

የምእመናን ጥቅም ከዚህ ያነሰ አይደለም። ዓመቱን በሙሉ በገበያ የማይተዋወቁ፣ በድንበርና በእርሻ ውሃ የሚካሰሱ፣ በሥራ ቦታ የሚቀያየሙ ሰዎች በዚያ ዕለት በአንድ ጠበል ይረጫሉ። ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ የሚለው ተረት የተነገረው ሰው ለዚህ ቀን ያለውን ሁሉ ማውጣት ስለሚወድ ነው። ወጣቱ ለሚወዳት ልጃገረድ ሎሚ የሚወረውረውም በራሱ መንደር ያለችውን ስላጣ አይደለም፤ ከሌላው አጥቢያ የመጣችውን የሚያያት በዚያ ቀን ስለ ሆነ ነው። ስንት ቤተ ዘመድ የተጀመረው በዚህ ሜዳ ነው! አጥቢያዎች ቢለያዩ ዝምድናም ይጠብባል።

እንግዲህ ጥቅሙ ይህን ያህል ከሆነ ይህን አንድነት የሚያፈርሰው ምንድን ነው ተብሎ ቢጠየቅ፣ ከሁሉ አስቀድሞ የሚገኘው የመቅደም ክርክር ነው። የማን ታቦት ይቅደም፤ የማን ድንኳን በመካከል ይተከል፤ ማኅሌቱን ማን ይምራ፤ ውሃውን ማን ይባርክ በሚል ነገር አለቆችና ገበዞች የሚቀያየሙበት ጊዜ አለ። ቅያሜውም ከካህናቱ ወደ ምእመናኑ ይወርዳል፤ በሚመጣው ዓመትም አንዱ ደብር የራሴን ባሕረ ጥምቀት አዘጋጃለሁ ብሎ ይለያል። ጌታ ወደ ግብዣ የተጠራ ሰው የላይኛውን ወንበር እንዳይሻ ያስተማረውን ካህናት በየጊዜው ለሕዝብ ይሰብኩታል፤ በከተራ ዕለት ግን ትምህርቱ መፈጸም ያለበት በሰባኪዎቹ ነው። ታላቅ ደብር ታላቅነቱ የሚታወቀው ለትንሹ ባሳለፈው መንገድ ነው።

ሁለተኛው የወጣቶች ፉክክር ነው። ወጣቶች በየአጥቢያቸው ማኅበር ሠርተው፣ አንድ ዓይነት ልብስ ለብሰው፣ መንገዱን ጠርገው፣ በታቦቱ ፊት ምንጣፍ ዘርግተውና ቄጤማ ጐዝጕዘው የሚያሳዩት ትጋት እጅግ የሚመሰገን ነው፤ ከአባቶቻቸውም ዘመን ይልቅ በዚህ ዘመን የበዓሉ መንገድ ያማረው በእነርሱ ድካም መሆኑ ሊካድ አይገባም። ነገር ግን የራሱ ደብር ታቦት እስኪያልፍ ምንጣፉን ዘርግቶ፣ የጎረቤቱ ታቦት ሲደርስ የሚጠቀልል ቢኖር ድካሙን ሁሉ ከንቱ ያደርገዋል። የተዘረጋው ምንጣፍ ለደብሩ ስም ነው ወይስ ለእግዚአብሔር ክብር? ይህን ጥያቄ የወጣቶቹ መምህራን ከበዓሉ በፊት ሊያስረዷቸው ይገባል። እንዲሁም የራስ ታቦት ከገባ በኋላ በመንገድ ላይ ያሉትን ሌሎች ታቦታት ትቶ ወደ ቤት መበተን መልካም ልማድ አይደለም። የመጨረሻው ታቦት እስኪገባ ድረስ በዓሉ የሁሉ ነው።

ሦስተኛው ምክንያት ግን በቀላሉ የሚነቀፍ አይደለም። ከተሞች እጅግ ሰፍተዋል፤ በአዲስ አበባ ዳር ያለ አጥቢያ ሁሉ ወደ ጃን ሜዳ ይውረድ ቢባል መንገዱ ለሽማግሌና ለደካማ የሚቻል አይሆንም፤ ሜዳውም ሁሉን አይችልም። በዚህም ምክንያት በልዩ ልዩ ሰፈር ባሕረ ጥምቀቶች መዘጋጀታቸው አስፈላጊ ሆኗል። ይህን የሚቃወም ሰው የሕዝቡን ድካም ያላየ ነው። ሆኖም ውሃው መብዛቱና አንድነቱ መፍረሱ አንድ ነገር አይደሉም። መጠበቅ ያለበት ሁሉም ታቦታት በአንድ ሜዳ መገናኘታቸው ሳይሆን፣ ምክንያት ሳይኖረው ለብቻው የሚያድር ታቦት አለመኖሩ ነው። በአንድ ሰፈር ያሉ አጥቢያዎች በአንድ ውሃ ይሰብሰቡ፤ አዲስ ባሕረ ጥምቀት የሚያስፈልግ ቢሆንም በርቀትና በሕዝብ ብዛት ምክንያት ይሁን እንጂ በቅያሜ ምክንያት አይሁን። ይህን ሁለቱን መለየት ለሀገረ ስብከት አስቸጋሪ አይደለም፤ ለመለየት የሚፈልገው ደብር ከማን ጋር ሊወርድ እንዳሰበ ቢጠየቅ መልሱ ነገሩን ይገልጠዋል።

በመጽሐፍ ቅዱስ ስለዚህ ነገር የሚሆን ታላቅ ምሳሌ በኢያሱ መጽሐፍ ይገኛል። እስራኤል ዮርዳኖስን ሲሻገሩ ታቦቱን የተሸከሙት ካህናት በውሃው መካከል ቆሙ፤ ከ12ቱ ነገድ የተመረጡ 12 ሰዎችም ከወንዙ አንዳንድ ድንጋይ አንሥተው በጌልጌላ አቆሟቸው። እያንዳንዱ ነገድ የራሱን ድንጋይ ተሸከመ፤ የቆመው መታሰቢያ ግን አንድ ነበር። የሮቤልና የጋድ ነገድ፣ የምናሴም እኩሌታ ርስታቸውን በምሥራቅ በኩል አስቀድመው ያገኙ ሲሆኑ እኛ ደርሶናል ብለው አልቀሩም፤ የወንድሞቻቸው ርስት እስኪያዝ ድረስ ከእነርሱ ጋር ተሻገሩ።

ኋላ ግን እነዚሁ ነገዶች ወደ ርስታቸው ሲመለሱ በዮርዳኖስ አጠገብ ታላቅ መሠዊያ ሠሩ። የቀሩት ነገዶች ይህን በሰሙ ጊዜ ሌላ የአምልኮ ስፍራ የሠሩ መስሏቸው ሊወጓቸው በሴሎ ተሰበሰቡ። ይሁን እንጂ ጦር ከመዝመቱ በፊት ካህኑ ፊንሐስና 10 አለቆች ሄደው ነገሩን ጠየቁ። መልሱም መሠዊያው መሥዋዕት ሊቀርብበት ሳይሆን፣ በወንዝ ማዶ የሚኖሩት ልጆቻቸው ከወንድሞቻቸው ጋር አንድ ሕዝብ ስለ መሆናቸው ምስክር እንዲሆን የተሠራ ነበር። ፊንሐስም በነገሩ ደስ ተሰኝቶ ተመለሰ፤ ጦርነቱም ቀረ። ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር መማር ይቻላል። አንደኛው፣ ለብቻው አዲስ ነገር የሚያቆም ወገን ጎረቤቱ እንዳይጠራጠር አስቀድሞ ሊያስታውቅ ይገባዋል፤ ሁለተኛው፣ የጎረቤቱን ሥራ የሰማም ሰው ከመቈጣቱ በፊት ሄዶ ሊጠይቅ ይገባዋል። በዮርዳኖስ ዳር በተነሣ ክርክር የተገኘው ይህ ምክር በየባሕረ ጥምቀቱ ዳር ለሚነሣው ክርክር እንዴት ያለ መድኃኒት ነው!

ስለዚህ የደብር አለቆች ከበዓሉ ብዙ ቀደም ብለው፣ ይልቁንም ከልደት በፊት፣ በአንድነት ተሰብስበው ቢመክሩ ይበጃል። የታቦታቱ ተራ፣ የሚነሡበት ሰዓት፣ የሚሄዱበት መንገድ፣ የድንኳኑ ስፍራ፣ ማኅሌቱን የሚመራውና የሚያስተምረው ሰው በቃለ ጉባኤ ተጽፎ በሁሉም ፊርማ ቢጸና፣ በከተራ ዕለት በመንገድ ላይ የሚነሣ ክርክር አይኖርም። ማኅሌቱን መምራት በየዓመቱ ከደብር ወደ ደብር ቢዘዋወር ደግሞ ለሁሉ ይደርሳል። በዚህ ጉባኤ የትንሹ አጥቢያ ቄስ ቃል ከታላቁ ደብር አለቃ ቃል እኩል ሊሰማ ይገባዋል፤ አንድነት የሚባለው ይህ ነውና። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ እንደሚባለው፣ ለአንዱ ደብር የሚከብደው ድግስ ለሁሉ ሲከፋፈል ቀላል ይሆናል።

ከዚህ ቀጥሎ የመንግሥት ሹማምንት ድርሻ አለ። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 11 መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ መሆናቸውን ደንግጓል፤ ስለዚህ ሹም ስለ ታቦት ተራ የሚያዝበት ሥልጣን የለውም፤ ይህ የካህናት ነገር ነው። ነገር ግን ሕዝብ በሰላም የሚሰበሰብበትን ስፍራ መጠበቅ፣ መንገድ ማስከፈት፣ አደጋ እንዳይደርስ መከላከል የእርሱ ግዴታ ነው፤ ለሌላው ሃይማኖት ተከታይም በበዓሉ ቀን ይህንኑ ሳያጓድል ሊፈጽም ይገባዋል።

የስፍራውን ነገር ለማስረዳት የጃን ሜዳ ታሪክ ይበቃል። በ2012 ዓ.ም. የኮሮና በሽታ በገባ ጊዜ የሰው መተፋፈግ እንዲቀንስ ተብሎ የአትክልት ተራ ገበያ ወደ ጃን ሜዳ ተዛውሮ ነበር። ምክንያቱ የሕዝብ ጤና ስለ ነበረ የሚያስወቅስ አልነበረም፤ ሆኖም የሚቀጥለው ጥምቀት ሲቃረብ ታቦታቱ ወዴት ይወርዳሉ የሚለው ነገር ብዙ ሰው አሳሰበ። ገበያው የ2013 ዓ.ም. ጥምቀት ሳይደርስ ተነሣ፤ ሜዳውም ተጠርጎ በዓሉ እንደ ቀድሞው ተከበረ። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ግልጥ ነው። ዓመቱን በሙሉ ባዶ የሚመስል ሜዳ ባዶ አይደለም፤ የብዙ አጥቢያዎች መገናኛ ነው። ከተማ በሰፋ ቁጥር መሬት ይወደዳል፤ በፕላን ያልተመለከተ፣ በማስረጃ ያልተያዘ ባሕረ ጥምቀትም አንድ ቀን ቤት ተሠርቶበት ይገኛል። ያን ጊዜ ሰፈሩ የሚያጣው ውሃውን ብቻ አይደለም፤ ጎረቤቶች በአንድነት የሚቆሙበትን ስፍራ ያጣል። ስለዚህ ለአዳዲስ ሰፈሮች ፕላን ሲነደፍ ይህን አስቀድሞ ማሰብ የአስተዋይ ሹም ሥራ ነው፤ ካህናትም ስፍራውን በየደብራቸው ስም ለየብቻ ከመሻማት ይልቅ በጋራ ቢጠይቁ ጥያቄያቸው ይበልጥ ይሰማል።

አደጋን ስለ መከላከልም እንዲሁ ነው። የጥምቀት በዓል በ2012 ዓ.ም. በኮሎምቢያ አገር በቦጎታ ከተማ በተደረገው የዩኔስኮ ጉባኤ በዓለም ከማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ተጽፏል፤ ይህም ለኢትዮጵያ ታላቅ ክብር ነው። ነገር ግን በዚያው ዓመት በጥምቀት ዕለት በጎንደር በፋሲለደስ መዋኛ አጠገብ ለተመልካች የተሠራ የእንጨት መቀመጫ ተደርምሶ ከ10 የማያንሱ ሰዎች መሞታቸው፣ ብዙዎችም መቍሰላቸው የሚያሳዝን ነበር። ክብሩ በመጣበት ዓመት ኀዘኑ ተከተለ። ብዙ አጥቢያ፣ ብዙም እንግዳ በሚሰበሰብበት ስፍራ መቀመጫው በባለሙያ ይመርመር፤ መግቢያና መውጫው ይለይ፤ ለሽማግሌዎችና ለሕሙማን ስፍራ ይዘጋጅ፤ ለሕዝብ የሚረጨው ውሃም ንጹሕ መሆኑ ይረጋገጥ። ይህን ማድረግ ከብዙ ንግግር ይልቅ ለበዓሉ ክብር ነው።

ደግሞም ክርስቲያን የሆነ ሹም ወደ በዓሉ በሚመጣበት ጊዜ እንደ ምእመን ቢመጣ ይሻላል። ለሹማምንት የሚሠራው ዳስ ሰፍቶ ለሕዝብ የሚቀረው ስፍራ ቢጠብ፣ ንግግሩም ረዝሞ ውሃው የሚባረክበት ሰዓት ቢያልፍ፣ ሕዝቡ በልቡ የሚለውን ለመገመት አስቸጋሪ አይደለም። ከፊተኛው ዘመን ነገሥታት በተገኘው ምሳሌ ንጉሥ ሕዝቡ ወደገባበት ውሃ ገብቷል፤ ሹም ሕዝቡ በቆመበት ቢቆም ክብሩ አይጐድልበትም።

በዚህ ቀን የሌላው ሃይማኖት ሰዎችም በብዙ ስፍራ መንገድ ሲጠርጉ፣ ለደከመው ውሃ ሲሰጡ ታይተዋል። የእስልምና ተከታይ የሆነ ጎረቤት ለክርስቲያኑ በዓል መንገድ ሲያጸዳ፣ በአንድ ሃይማኖት ውስጥ ያሉ ሁለት አጥቢያዎች ስለ አንድ እርምጃ መቅደም ቢጣሉ ምን ምላሽ ይገኝለታል?

በመጨረሻም ስለ እያንዳንዱ ምእመን አንድ ቃል ማስታወስ ያስፈልጋል። ከጎረቤት አጥቢያ ጋር በአንድነት ማክበር በጥምቀት ተጀምሮ በጥምቀት የሚያልቅ ነገር አይደለም። እያንዳንዱ ደብር የራሱ ዓመታዊ ንግሥ አለው፤ በዚያ ቀን የጎረቤት ምእመን መጥቶ ቢያስቀድስ፣ ካህኑም መጥቶ በማኅሌቱ ቢቆም፣ በጥር ወር በአንድ ድንኳን ማደር እንግዳ ነገር አይሆንበትም። ጎረቤቱን ዓመቱን ሙሉ ያልጐበኘ ሰው ግን በከተራ ዕለት ብቻ አንድነትን ቢሻ አያገኘውም፤ ውሃ የሚከተረው አስቀድሞ መውረጃው ሲጠረግለት ነውና።

በመጪው ጥር 10 ቀን ታቦታቱ ከየመንበራቸው ይነሣሉ። በዚያ ቀን ትንሹ አጥቢያ ከአንዲት ጥላና ከአንድ ዲያቆን ጋር በመንገድ መገናኛው ላይ ሲደርስ፣ ታላቁ ደብር ቆሞ ቢጠብቀው፣ ካህናቱም ዝማሬውን ተቀብለው በመካከላቸው ቢያስገቡት፣ ከተራ የሚለው ስም በእውነት ተፈጸመ ማለት ነው። ይህን ለማድረግ ገንዘብም ሕንጻም አያስፈልግም፤ የአለቆች መልካም ፈቃድ፣ የሹማምንት ጥንቃቄና የምእመናን ትሕትና ይበቃል።